አዳኞቹ ያዳኑት ወፍ

የዱር አራዊትና የአዕዋፍ ሀብት አንድ ጊዜ ከጠፋ መልሶ ማግኘቱ እጅግ አስቸጋሪ እንደሆነ የታወቀ ነው። ሆኖም በሰሜን አሜሪካ ደኖች ውስጥ የሚኖረው የጫካ ተርኪ ጨርሶ ሊጠፋ ጥቂት ሲቀረው እንደገና ተራብቶ የቀድሞ አገሩን ለመሙላት ከበቁት አዕዋፍ አንዱ ነው። ይበልጥ የሚያስገርመው ደግሞ ይህን ወፍ ለማትረፍ ገንዘባቸውንና ጉልበታቸውን ካፈሰሱት ሰዎች አብዛኞቹ ራሳቸው የሚያድኑት ሰዎች መሆናቸው ነው። በቋንቋችን «አዳኝ» የሚለው ቃል ጠብቆ ሲነበብ አውሬ የሚያሳድደውን፣ ላልቶ ሲነበብ ደግሞ ከጥፋት የሚያተርፈውን ሰው ያመለክታል። የተርኪው ታሪክ ሁለቱንም ንባቦች በአንድነት የያዘ ነው። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ስሙን ከጅግራ የወሰደ ወፍ

በአንዳንድ ከተሞቻችን በግቢ ውስጥ ሲረባ የሚታየው ለማዳ ተርኪ ዘሩ ከሜክሲኮ ነው። የዚያ አገር ቀደምት ነዋሪዎች ወፉን ካላመዱት ከ2,000 ዓመት በላይ ሆኗል። ስፓኛውያን በ16ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ወደ አውሮፓ በወሰዱት ጊዜ፣ ሕዝቡ ቀደም ሲል በቱርክ ነጋዴዎች በኩል ይመጣለት ከነበረው ከአፍሪካ ጅግራ ጋር አምታታው። «ተርኪ» የሚለው የእንግሊዝኛ ስም የመጣውም ከዚሁ መምታታት እንደሆነ ይነገራል። በሳይንሳዊ ስሙ «ሜሊያግሪስ ጋሎፓቮ» ሲባል የመጀመሪያው ቃል በጥንታዊ ግሪክ ጅግራ ማለት ነው። ስለዚህ በእኛ ቆላ ቁጥቋጦ ውስጥ የሚሮጠው ጅግራ ለዚህ የአሜሪካ ወፍ ስሙን አውሶታል ለማለት ይቻላል።

የጫካው ተርኪ ግን ከለማዳው በጠባዩ የተለየ ነው። አውራው ከ7 እስከ 11 ኪሎ ግራም ሊመዝን ቢችልም፣ ሲደነግጥ በሰዓት እስከ 80 ኪሎ ሜትርና ከዚያም በሚበልጥ ፍጥነት ይበራል። ቀን ምድር ለምድር ሲለቅም ውሎ ሌሊቱን ከፍ ባለ ዛፍ ላይ ያድራል። ዓይኑ እጅግ የሠላ በመሆኑ የሰው ጣት እንኳ ብትንቀሳቀስ አይቶ ይሰወራል። በዚህ ምክንያት ተርኪን ማደን ከተኩስ ችሎታ ይልቅ ትዕግሥትንና የወፉን ጠባይ ማወቅን ይጠይቃል።

የጥሪው ጥበብ

በጸደይ ወራት አውራው ጎሕ ሲቀድ ከማደሪያው ዛፍ ላይ ሆኖ ይጮኻል። በተፈጥሮ ሕግ ድምፁን ሰምታ ወደ እርሱ የምትሄደው ሴቷ ናት። አዳኙ ግን ከዛፍ ሥር ተቀምጦ የሴቷን ድምፅ በማስመሰል፣ ያለ ልማዱ አውራው ራሱ እንዲመጣ ማድረግ ይኖርበታል። ከመጠን በላይ ከጠራ ወፉ ይጠራጠራል፤ ከጠራው ካነሰ ደግሞ ሌላ ፍለጋ ይሄዳል።

የአሜሪካ ቀደምት ነዋሪዎች ለዚህ ተግባር ከተርኪው ከራሱ የክንፍ አጥንት በሠሩት ማስመሰያ ይጠቀሙ ነበር። በኋላም የአርካንሳው ሰው ሄንሪ ጊብሰን ከስስ እንጨት የተሠራ ሳጥን አዘጋጅተው በ1897 የፈጠራ መብት አስመዘገቡ። በጠመኔ የተቀባው ክዳን በሳጥኑ ከንፈር ላይ ሲፈተግ የሴቷን ድምፅ ይሰጣል። የአላባማው ኤም. ኤል. ሊንች ደግሞ ከ1940 ጀምሮ የዚህን ዐይነት ሳጥን በብዛት እየሠሩ ለደቡብ ግዛቶች አዳኞች አዳረሱ። ከዚያም ወዲህ የጥሪ ውድድር ተስፋፍቶ፣ እንደ አላባማው ቤን ሮጀርስ ሊ ያሉ ጠሪዎች በመላ አገሪቱ ስማቸው ገንኗል።

ቻርልስ ጆርዳን ግን በአዳኞች ዘንድ የተለየ ቦታ አላቸው። ጆርዳን ዕድሜያቸውን ሙሉ ተርኪን በማደንና ጠባዩን በመመርመር ካሳለፉ በኋላ በሉዊዚያና ግዛት የአንድ የዱር አራዊት መጠበቂያ ኃላፊ ሆነው ይሠሩ ነበር። በ1909 በሕገ ወጥ አዳኝ ተተኩሶባቸው ሞቱ። የተዉትን ማስታወሻና ፎቶግራፍ የታባስኮ በርበሬ ስጎ አምራች ቤተሰብ ልጅ የሆኑት ኤድዋርድ ማኪልሄኒ ተረክበው በ1914 ለመጽሐፍ አበቁት። ማኪልሄኒ ቀደም ሲል ለላባቸው ሲባል ይጨፈጨፉ የነበሩ ነጫጭ የውሃ ዳር ወፎችን በርስታቸው ላይ ጠብቀው ያራቡ ሰው ናቸው። ከሳውዝ ካሮላይና የተነሡት የሕግ ባለሙያ ሄንሪ ኤድዋርድስ ዴቪስም በ1949 ስለ ወፉ ሰፊ መጽሐፍ አሳትመዋል። እነዚህ ጸሐፊዎች የተርኪውን ኑሮ መዝግበው ያቆዩት ወፉ ከብዙ ቦታ እየጠፋ በነበረበት ዘመን ነው።

ጥፋቱ እንዴት ደረሰ?

አውሮፓውያን ሰፋሪዎች ሲመጡ ተርኪ ኋላ 39 ግዛቶች በሆኑት ቦታዎች ሁሉ ይገኝ ነበር። ይሁን እንጂ ደኑ ለእርሻና ለጣውላ ሲመነጠር ወፉ ማደሪያውንም ምግቡንም አጣ። ከዚህም በላይ ያለ ገደብ እየታደነ ለከተማ ገበያ ይቀርብ ነበር። ወፎቹን ካደሩበት ዛፍ ላይ በሌሊት መተኮስ የተለመደ ነበር። ሌሎች ደግሞ ከግንድ አጥር ሠርተው፣ ከሥሩ ቦይ ቆፍረው በቆሎ ይበትናሉ። ተርኪው አንገቱን ደፍቶ እየለቀመ ከገባ በኋላ ቀና ብሎ መውጫ ስለሚፈልግ የገባበትን ቀዳዳ ሳያየው ይቀራል። በዚህ ዐይነት አንድ መንጋ ባንድ ቀን ያልቃል።

በዚህም የተነሣ በኮነቲከት ከ1813፣ በማሳቹሴትስ ደግሞ ከ1851 በኋላ ወፉ አልታየም። በ1920 ከ39ኙ ግዛቶች በ18ቱ ጨርሶ ጠፍቶ ነበር። በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ የገባ በሽታ ፍሬያማውን የቼስትነት ዛፍ ሲፈጀው ችግሩ ተባባሰ። በ1930ዎቹ በመላ አገሪቱ የቀረው ተርኪ ከ200 ሺህ እንደማይበልጥ ይገመታል።

የከሸፈው ዘዴና የተሳካው

በመጀመሪያ የታሰበው መፍትሔ ቀላል ይመስል ነበር። ይኸውም ተርኪን በግቢ አራብቶ ጫካ መልቀቅ ነው። ብዙ ግዛቶች ለዓመታት ብዙ ገንዘብ አፍስሰው ሞከሩት፤ ውጤቱ ግን እዚህ ግባ የሚባል አልነበረም። የጫካ ጫጩት ቀበሮንና ጭልፊትን መሸሽ፣ ምግብ መፈለግና ዛፍ ላይ ማደር የሚማረው ከእናቱ ነው። በግቢ ያደገው ይህን ትምህርት ስላላገኘ በጥቂት ጊዜ ውስጥ የአውሬ ሲሳይ ይሆናል፤ በሽታም ይዞ ሊገባ ይችላል።

የተሳካው መንገድ ከጫካ የተያዘውን ወፍ ወደ ሌላ ጫካ ማዛወር ነበር። ተጠራጣሪውን ተርኪ መያዝ ግን ራሱን የቻለ ችግር ሆኖ ቆየ። በ1951 ኸርማን ሆልብሩክ የተባሉ ባለሙያ በሳውዝ ካሮላይና፣ በፍራንሲስ ማሪዮን ብሔራዊ ደን ውስጥ ለዳክዬ የተሠራውን የሚተኮስ መረብ በተርኪ ላይ ሞከሩት። ወፎቹ የተበተነላቸውን እህል ሲለቅሙ መረቡ በባሩድ ኃይል ተወርውሮ በላያቸው ያርፋል። ይህ ዘዴ ወደ ሌሎች ግዛቶች ተዛመተ።

ውጤቱን በሁለት ምሳሌ ለመመልከት ይቻላል። ማሳቹሴትስ በ1972 እና በ1973 ከኒውዮርክ ያመጣችው 37 ወፍ ብቻ ነበር። ዛሬ በግዛቲቱ ከ30 ሺህ በላይ ተርኪ እንዳለ ይገመታል። ሚዙሪም ከሃያ ዓመት በላይ አደኑን ዘግታ ከቆየች በኋላ በ1960 ለሦስት ቀን ብቻ ስትከፍት 94 ወፍ ተገደለ። በ2004 የጸደይ ወቅት ግን ከ60 ሺህ በላይ ተርኪ ታድኖ፣ መንጋው ሳይመናመን ቀርቷል። ለዚህም ምክንያቱ በጸደይ እንዲታደን በዋናነት የሚፈቀደው አውራው ብቻ መሆኑ ነው። አንድ አውራ ብዙ ሴቶችን ስለሚያጠቃ ዕንቁላል የሚጥሉት እስካልተነኩ ድረስ መንጋው ይተካል።

ወጪውን የሸፈነው ማነው?

በ1900 የወጣው የሌሲ ሕግ በሕገ ወጥ መንገድ የተገደለን አውሬ ከግዛት ወደ ግዛት መነገድን ከለከለ። በ1937 ደግሞ ፒትማን-ሮበርትሰን በተባለው ሕግ በአደን መሣሪያና በጥይት ላይ የተጣለው ኤክሳይስ ታክስ ለዱር አራዊት ልማት ብቻ እንዲውል ተወሰነ። ታክሱ በረዣዥም ጠመንጃና በጥይት ላይ 11 በመቶ ነው። ከዚህ ገንዘብ የሚጠቀም ግዛት ከአደን ፈቃድ የሚሰበስበውን ገቢ ለሌላ ጉዳይ ማዋል አይችልም። በ1973 ቶም ሮጀርስ በቨርጂኒያ ብሔራዊ የጫካ ተርኪ ፌዴሬሽንን ሲያቋቁሙ የወፉ ቁጥር 1.5 ሚሊዮን ያህል ነበር። በ2000ዎቹ መጀመሪያ ወደ 7 ሚሊዮን ተጠግቶ፣ ከአላስካ በስተቀር በ49ኙም ግዛቶች ይገኝ ነበር።

የገበሬው ድርሻም ቀላል አልነበረም። ብዙው ተርኪ የሚኖረው በግል መሬት ላይ፣ እርሻና ደን በሚዋሰኑበት ቦታ ነው። አንዳንድ ገበሬዎች ወፉ በቆሏችንን ፈጀው ብለው አቤቱታ ማቅረባቸው አልቀረም። ባለሙያዎች ሲመረምሩ ግን አብዛኛውን ጉዳት የሚያደርሱት ሌሊት የሚገቡ አጋዘኖችና ሌሎች አውሬዎች ሆነው ተገኝተዋል። ተርኪው በጠራራ ፀሐይ መሐል ማሳ ቆሞ ስለሚታይ የሌላው በደል በእርሱ ተላከከ እንጂ ብዙውን ጊዜ የሚለቅመው ተባይና ከአጨዳ የተረፈ ቃርሚያ ነው።

ሥራው ገና አላለቀም

ከቅርብ ዓመታት ወዲህ በተለይ በደቡብ ምሥራቅ ግዛቶች አንዲት እናት የምታሳድጋቸው ጫጩቶች ቁጥር ቀንሷል። ቴኔሲ በ2023 የጸደዩን አደን በሁለት ሳምንት አዘግይታ፣ ለአንድ አዳኝ በወቅቱ የሚፈቀደውን ከሦስት ወደ ሁለት አውራ ዝቅ አድርጋለች። አላባማም ከአንድ ዓመት በፊት ከአምስት ወደ አራት ቀንሳለች።

ጆርዳን የሞቱለት ወፍ ዛሬም የሚጠበቀው በዚሁ መንገድ ነው። በግቢ አርብቶ መልቀቅ ያልመለሰውን መንጋ፣ የተከለከለ ወቅት፣ የተቆጠረ ወፍና ለታለመለት ሥራ ብቻ የሚውል ገንዘብ መልሰውታል። ከመጨረሻዋ እናት ጋር የሚጠፋውን የጫካ ትምህርት በኋላ በገንዘብ መግዛት እንደማይቻል፣ የትም አገር ቢሆን ወፍና አውሬ በመሬቱ ላይ ያለው ሕዝብ ሊያስብበት ይገባል።