የደንገል ዳር መንገድ

ከባሕር ዳር ወጥቶ የጣናን ዳር ይዞ በእግሩ የሚሄድ ሰው መጀመሪያ የሚከዳው ጫማው ነው። ከሩቅ ሣር የለበሰ ሜዳ መስሎ የታየው ሲረገጥ ይንቀጠቀጣል፤ ሁለተኛው እርምጃ እስከ ቁርጭምጭሚት ይሰምጣል። እግሩን ሲነቅል ከጭቃው አረፋ እየተግተለተለ ይወጣል፤ የተበላሸ እንቁላል የሚመስል ሽታም ይከተለዋል። ካርታ ላይ የሐይቁ ጠርዝ አንድ ቀጭን መስመር ነው። እዚህ መስመር የለም። ውሃው በዓመት ውስጥ በአንድ ሜትር ተኩል ገደማ ከፍና ዝቅ ይላል፤ ክረምቱ ሲወጣ የሞላው ሐይቅ ሰኔ ሲደርስ ይሸሻል። በዚህ መምጣትና መሄድ መካከል ያለው ሰፊ መሬት፣ ውሃም መሬትም ያልሆነው፣ ረግረግ ነው።

ሽታው ራሱ ትምህርት አለው። በውሃ የራሰ ጭቃ ውስጥ አየር አይዘልቅም፤ ስለዚህ እዚያ የሚኖሩ ጥቃቅን ሕዋሳት በኦክስጅን ፋንታ በሌላ ነገር መተንፈስ ግድ ይሆንባቸዋል። አንዳንዶቹ ሰልፌት ይጠቀሙና ያንን ሽታ ይለቃሉ፤ ሌሎቹ ሜቴን ይሠራሉ፤ ሌሎቹ ደግሞ ከእርሻ ታጥቦ የመጣውን ናይትሬት ወደ ተራ ናይትሮጅን ለውጠው ወደ ሰማይ ይመልሱታል። አፍንጫ የሚያስይዘው ጭቃ እንግዲህ የሐይቁ ማጣሪያ ቤት ነው።

እንዲህ ባለ አየር አልባ ጭቃ ላይ ግን ከሰው ቁመት ሁለት እጥፍ የሚበልጥ ተክል ቆሞ ይወዛወዛል፤ ደንገል። አንዱን አገዳ ቆርጦ በጣት ማሽከርከር ይገባል፤ ክብ አይደለም፣ ሦስት ማዕዘን ነው። ለበዓል ቤታችን ውስጥ የምንጎዘጉዘውን ቄጠማ አስተውሎ ለዳሰሰ ሰው ይህ እንግዳ አይሆንበትም፤ ሁለቱ ዘመዳሞች ናቸው፣ ደንገል የቄጠማ ታላቅ ወንድም ቢባል ያስኬዳል። አገዳውን ሲሰነጥቁት ውስጡ ነጭ፣ ለስላሳ፣ እንደ ስፖንጅ የተቦረቦረ ነው። ቀዳዳዎቹ በአየር የተሞሉ ናቸው፤ ላይ የገባው አየር በእነሱ በኩል ወርዶ ጭቃ ውስጥ የተቀበረውን ሥር ያስተነፍሳል። ጎረቤቱ ተክል ታፍኖ በሚሞትበት ቦታ ደንገል የራሱን አየር በአገዳው ይዞ ይወርዳል።

ፍጥነቱም ያስገርማል። ብዙ ተክሎች ፀሐይ ሲበረታ ይሳሳታሉ፤ ካርቦን ዳይኦክሳይድ መያዝ የሚገባው ኢንዛይማቸው ኦክስጅን ይይዝና የደከሙበትን ኃይል ያባክናል። ስንዴና ገብስ እንደዚህ ናቸው። ጤፍ፣ በቆሎና ማሽላ ግን ሌላ ብልሃት አላቸው፤ ጋዙን አስቀድመው በቅጠላቸው ውስጠኛ ሕዋሳት ውስጥ ያከማቹና ኢንዛይሙ የሚሳሳትበትን ዕድል ይቀንሳሉ። ደንገልም ከእነሱ ወገን ነው። ሙቀት፣ ውሃና ንጥረ ነገር በአንድ ላይ ካገኘ በምድር ላይ በፍጥነት ከሚያድጉ ተክሎች ጋር ይሰለፋል። በዚህም ችሎታው የጉማራ፣ የርብ፣ የመገጭና የግልገል አባይ ወንዞች ከደጋው ጠርገው የሚያመጡትን ፎስፈረስና ናይትሮጅን እየመጠጠ አገዳ ያደርገዋል፤ ጎርፉንም ያረጋጋና ደለሉን ከሥሩ ያስቀረዋል።

ስለ ግልገል አባይ የሚነገረውን ሁላችንም ሰምተናል፤ ወንዙ ከሐይቁ ውሃ ጋር ሳይቀላቀል ሰንጥቆ ያልፋል ይባላል። ክረምት ላይ ወንዙ ከሚገባበት ዳር ቆሞ ቡናማው ውሃ በግራጫው ሐይቅ ላይ እንደ ምንጣፍ ሲዘረጋ ያየ ሰው ወሬው ከየት እንደመጣ ይገባዋል። ውሃው ግን ይቀላቀላል። ጣና 3 ሺህ ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ስፋት ቢኖረውም ጥልቀቱ ቢበዛ 15 ሜትር አካባቢ ነው፤ እንዲህ ያለውን ገበታ ሐይቅ ነፋስ በቀላሉ ያማስለዋል።

ጥልቀት ማነሱ ሌላም ታሪክ አስከትሏል። እ.ኤ.አ. በ2007 የታተመ አንድ ጥናት ተመራማሪዎች ከሐይቁ ወለል ያወጡትን የደለል ናሙና ታች ድረስ አነበበው። የታችኛው ክፍል ጠንካራ፣ የደረቀ አፈር ነበር። ከ16 ሺህ 700 ዓመት ገደማ በፊት ጣና ሐይቅ አልነበረም፤ ደርቆ ነበር። በዚያ ዘመን በሰሜን አትላንቲክ ዙሪያ ካለው ምድር በረዶ ተገምሶ ወደ ውቅያኖሱ ሲፈስ የአፍሪካ ዝናብ ተዳክሞ ነበር፤ የቪክቶሪያ ሐይቅም ደርቆ ነበር። ከደረቀው አፈር በላይ የተገኘው ንብርብር ግን ውሃ አይደለም፤ የደንገል ረግረግ ነው። ዝናቡ ሲመለስ ወለሉን መጀመሪያ የያዘው ደንገል ነበር፤ ከሺህ ዓመት በላይ ቆየበት። ከ15 ሺህ ዓመት ገደማ በፊት ውሃው ሞልቶ በደቡብ በኩል ሲያፈስ አባይ ከጣና መውጣት ጀመረ። ዛሬ በዳር በዳር የምናየው ደንገል እንግዲህ በአንድ ወቅት የወለሉን መሐል ይዞ የነበረ ባለቤት ነው።

ግብፆች ከዚሁ ተክል ወረቀት ሠርተው ለሺህ ዓመታት ጻፉበት። የጣና መነኮሳት ደንገሉ እግራቸው ሥር እያለ በብራና ጻፉ። ምክንያቱ እርጥበቱ ይመስለኛል፤ በደረቅ በረሃ አሸዋ ውስጥ የኖረው የግብፅ ጽሑፍ በሐይቅ ዳር ክረምት አይዘልቅም፣ የፍየል ቆዳ ግን ይጸናል። ይህ ግምቴ ነው፤ ያም ሆኖ በመከራ ዘመን ወደ ሐይቁ ደሴቶች የሸሹት መጻሕፍት ብዙ ጊዜ የተሻገሩት በደንገል ነው፤ በታንኳ።

ታንኳን በሙያው የሚያውቁት ከጥንት ጀምሮ በሐይቁ ዳር የኖሩት ነገደ ወይጦ ናቸው። አገዳው ይቆረጣል፣ ይጠወልጋል፣ ይታሰራል፣ አፍንጫው ወደ ላይ ይቀለበሳል። ኖርዌያዊው ቶር ሄየርዳል የጥንት ሰዎች በደንገል ጀልባ አትላንቲክን ሊሻገሩ ይችሉ ነበር ብሎ ሲነሳ ደንገል ፍለጋ የሄደው ወደ ግብፅ አልነበረም፤ እዚያ ተክሉ ጠፍቶ ነበር። ከጣና ወሰደ። እ.ኤ.አ. በ1969 የቻድ ሐይቅ ጀልባ ሠሪዎች የሠሩለት «ራ» ውቅያኖሱ ላይ ብዙ ከተጓዘ በኋላ ውሃ ጠጥቶ ተበታተነ። በዓመቱ ከቦሊቪያ የመጡ ሠሪዎች ያሰሩለት ሁለተኛው ከሞሮኮ ተነስቶ በ57 ቀን ባርቤዶስ ደረሰ። ባርቤዶስ የደረሰው የጣና ደንገል ነው፤ ይህን በባሕር ዳር መንገድ ላይ ተጽፎ ባየው ደስ ባለኝ።

ወደ መንገዳችን እንመለስ። ከረግረጉ ወጥቶ ወደ ዘጌ ባሕረ ገብ መሬት የዞረ ሰው በአንድ ጊዜ ጥላ ውስጥ ይገባል። የእግረኛ መንገዱ በቡና ተክል መካከል ይወጣል፤ ከላይ ትልልቅ ዛፎች፣ ከታች ቡና፣ ጌሾና ሎሚ፤ ጦጣዎች ከቅርንጫፍ ቅርንጫፍ ይዘላሉ። ዘጌ ላይ በሬ አይጠመድም፣ ከብትም አይሰማራም። ሥርዓቱ በአቡነ በትረ ማርያም ስም የሚነገር ሲሆን፣ ቃል ኪዳኑ ሰው ሳያርስ በተክል ይኖራል የሚል ነው። የዑራ ኪዳነ ምሕረትን ክብ ቤተ ክርስቲያን ግድግዳ የሞሉት ሥዕሎች ጎብኚውን ያፈዙታል፤ እኔ ግን ወደዚያ በሚወስደው መንገድ ላይ ጎንበስ ብዬ ያየሁት ቅጠል የበለጠ አስደነቀኝ። አፈሩ በወደቀ ቅጠል ተሸፍኗል፤ የዝናብ ጠብታ መሬቱን በቀጥታ አይመታም፤ ወደ ሐይቁ የሚወርደው ውሃ ጠርቶ ይወርዳል። በጉማራና በርብ በኩል የታረሰው ተዳፋት ግን በየክረምቱ ቆዳውን ይጥላል። ቃል ኪዳኑን የጠበቁት ሰዎች ስለ ፎስፈረስ አልሰሙም፤ ሐይቁ ግን ውጤቱን ያውቃል።

ዩኔስኮ ጣናን በ2015 እ.ኤ.አ. የባዮስፌር ሥፍራ አድርጎ መዝግቧል። ዓሣውም አንዱ ምክንያት ነው፤ በአገሬው ነጭ ዓሣ የሚባለው ወገን እዚህ ሐይቅ ውስጥ ወደ 15 ዝርያ ተከፋፍሏል፤ የጢስ ዓባይ ፏፏቴ የታችኛውን ዓሣ እንዳይወጣ አጥር ሆኖበታልና። ጫጩቶቹ ከአዳኝ የሚሸሸጉት በዳር ደንገልና ሣር ውስጥ ነው።

ደንገሉ ግን እየሳሳ ነው። በ1996 እ.ኤ.አ. በአባይ መውጫ ላይ የጫራ ጫራ ግድብ ተሠርቶ የሐይቁን ከፍታ ሰው መቆጣጠር ጀመረ። በ2003 እ.ኤ.አ. ውሃው በጣም ወርዶ መርከቦች ለወራት መንቀሳቀስ አልቻሉም፤ ዳር ላይ የነበረው ደንገልም ደረቅ መሬት ላይ ቀረ። ውሃው በሸሸበት መሬት፣ ባሕር ሸሽ በሚሉት፣ ገበሬው ተከትሎ ይዘራል፤ በሬ የገባበት ደንገል ተመልሶ አይቆምም። ገበሬውን ለመውቀስ አይደለም፤ ያለ መሬት የቀረ ሰው ውሃ የተወለትን መሬት አልፎ አይሄድም።

ከ2011 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ደግሞ እምቦጭ መጣ፣ ከደቡብ አሜሪካ የተነሳው ባለ ሐምራዊ አበባ። እሱም አረንጓዴ ነው፣ እሱም የሚበላው ከደጋ የታጠበውን ንጥረ ነገር ነው። ልዩነቱ ቦታው ላይ ነው። ደንገል ዳር ላይ ሥር ሰድዶ የሚመጣውን ይቀበላል፤ እምቦጭ ውሃው ላይ ተንሳፍፎ ብርሃን ይከለክላል፣ ሲበሰብስም ከሥሩ ያለውን ኦክስጅን ይጨርሳል። ዘሩ ጭቃ ውስጥ ለዓመታት ተኝቶ ይነሳል። በዘመቻ ሲነቀል ያየነው እምቦጭ በሌላ ስሌት ሲታይ ዳር ላይ ደንገል አጥቶ ያመለጠ ምግብ ነው።

ከዘጌ ስመለስ አንድ ወጣት ታንኳውን እየጎተተ ከውሃ ሲያወጣ ደረስኩ። ምን ያህል እንደሚያገለግለው ጠየቅሁት።

«እንደ ያዡ ነው፣ ጋሼ» አለኝ። «ማታ ማታ ካቆሙት ይኖራል። ውሃ ላይ ካሳደሩት ግን እሱም ውሃ ይሆናል።»

ሥሩን ሲያስተነፍስ የነበረው አየር አገዳው ከተቆረጠ በኋላ ጀልባውን ያንሳፍፈዋል፤ ቀዳዳዎቹ ቀስ እያሉ ውሃ ሲጠጡ ታንኳው ይከብዳል። ልጁ አንዱን ጫፍ ትከሻው ላይ አድርጎ አነሳውና ከአንድ የዋርካ ግንድ ጋር አቁሞ አስደገፈው። ከሥሩ ውሃው ይንጠባጠብ ጀመር።