ዝም ያለ ሰው «እሺ» ብሏል ማለት ነው?

ስፔን ውስጥ በሕይወት እያለ «አልሰጥም» ያላለ ሰው ሲሞት አካሉን ለመለገስ እንደተስማማ ይቆጠራል። ሕጉ የወጣው በ1979 እ.ኤ.አ. ነው። አገሪቱ ዛሬ በአካል ልገሳ ከዓለም ግንባር ቀደም ናት። ሕጉ ብቻውን ነው ያመጣው? አይደለም። እዚያም ሐኪሞቹ ቤተሰብ ይጠይቃሉ፤ ቤተሰብ እምቢ ካለ ይቀራል። ብራዚል በ1997 ተመሳሳይ ሕግ አውጥታ ነበር፤ ሕዝቡ ስላላመነው በዓመቱ ሰረዘችው።

እኛ ጋ ዝምታ እሺታ አይደለም። ኩላሊት የሚለገሰው ከሕያው ዘመድ ነው። ከሞት በኋላ የምናውቀው ልገሳ የዓይን ብሌን ነው፤ ለዚህም በ2003 እ.ኤ.አ. የተቋቋመው የዓይን ባንክ ያለው አዲስ አበባ ነው። ብሌን ደግሞ ሰው ባረፈ በሰዓታት ውስጥ መነሳት አለበት።

አሁን ቡሬን ወይም ፍኖተ ሰላምን አስቡ። የእድር ጡሩንባ ተነፍቶ፣ ድንኳን ተተክሎ፣ ብዙ ጊዜ ቀብሩ በዚያው ቀን ነው። አዲስ አበባ ከ350 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃል። ገጠሩማ ጭራሽ! ነገ የስፔን ሕግ እንዳለ ቢጸድቅ እንኳ፣ ብሌኑን የሚያነሳ ባለሙያ ቅርብ ካልሆነ ወረቀት ነው።

አዲስ አበባ ሆናችሁ ቃል የገባችሁ ካላችሁ፣ ለቤት ሰው ተናግራችኋል? ለባንኩ የሚደውለው እኮ እሱ ነው።