ከሐኪሙ ደጃፍ በፊት ያለው ትምህርት

«የኔታ፥ ልጄን ይህን ያህል ዘመን ያስተማርሁት የመጸዳጃ ጉድጓድ ሲያስቆፍር ይኖር ዘንድ ነውን?» ሲሉ አንዲት እናት የጠየቁን፥ ልጃቸው የዩኒቨርስቲውን የመጀመሪያ ዓመት ፈጽሞ የትምህርት ክፍል በመረጠበት ሰሞን ነው። ልጁ ከእኛ ዘንድ የተማረ ነው። «ሕክምና ይገባል» ተብሎ በሰፈሩ ሁሉ ሲወራለት ከቆየ በኋላ፥ በገዛ ፈቃዱ የአካባቢ ጤና አጠባበቅን መረጠ፤ ቀጥሎም ወደ ዓለም አቀፍ የጤና ጥናት ሊሸጋገር እንደሚያስብ ለአባቱ ነገራቸው። አባትዮው ዝም አሉ። እናትዮው ግን ነጠላቸውን ለማዘቅዘቅ ጥቂት ሲቀራቸው ወደ እኛ መጡ።

እውነቱን እንናገር ቢባል፥ እኛም በመጀመሪያ ከእናትዮው ወገን ነበርን። ከክፍሉ አንደኛ ይወጣ የነበረው ያ ተማሪ ነጭ ካባ ለብሶ፥ የልብ ማዳመጫውን ባንገቱ አንጠልጥሎ ይታየን ነበር እንጂ፥ የውሃ ጠርሙስ ይዞ ከወንዝ ወንዝ ሲዘዋወር አልታሰበንም። «ሐኪም» የሚለው ስም በአገራችን ቤተሰብን ያስከብራል፤ «የአካባቢ ጤና» የተባለው ግን ጎረቤት ሲሰማው «እሱ ደግሞ ምንድን ነው?» የሚልበት ስም ነው። ይሁን እንጂ ነገሩን ስንመረምረው አሳባችን ተለወጠ። ለእኒያ እናት የነገርናቸውን፥ እንደ እርሳቸው ለተጨነቁ ወላጆች ሁሉ እዚህ ልንጽፈው ወደድን። (የምንጠቅሳቸው ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ሐኪም የታመመውን ሰው ተቀብሎ «ምን ያምሃል?» ይለዋል። ይህን ትምህርት የተማረ ሰው ግን ከሕመሙ በፊት የነበረውን ይጠይቃል፤ ውሃው ከየት ተቀዳ? እሳቱ የት ነደደ? እግሩ ምን ረገጠ? ጎረቤቱስ ታሟልን? ስለዚህም ተማሪው የበሽታን አካሄድ በቁጥር መከታተልን፥ ይኸውም ኤፒዴሚዮሎጂ የሚሉትን፥ ውሃንና አየርን መመርመርን፥ በሽታ የሚያስተላልፉትን ነፍሳት ማወቅን፥ የቆሻሻን አወጋገድና የሕዝብን ልማድ ይማራል። «ዓለም አቀፍ» መባሉም ለጌጥ አይደለም፤ ወባና ኮሌራ የአገር ድንበር ስለማያውቁ ነው።

ትምህርቱ ለአገራችን እንግዳ አይደለም። በ1953 በደምቢያ ሜዳ የወባ ወረርሽኝ ተነሥቶ ብዙ ሺህ ሕዝብ ከፈጀ በኋላ፥ በሚቀጥለው ዓመት፥ በ1954፥ የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ተቋቋመ፤ ዛሬ የጎንደር ዩኒቨርስቲ የሆነው ነው። ኮሌጁ ከጤና መኮንኑና ከነርሷ ጋራ ሦስተኛ ሰው ያሠለጥን ነበር፤ ይህም ሳኒቴሪያን የተባለው የአካባቢ ንጽሕና ባለሙያ ነው። ሦስቱም በአንድነት ወደ ጤና ጣቢያ ይላኩ ነበር። ከአራት ዓመት በኋላ በ1958 ደግሞ ወባ ወደ ደጋው ወጥታ ወደ ሦስት ሚሊዮን የሚሆን ሰው ስታሳምም፥ የሞተው 150,000 እንደሚደርስ ተገምቷል። እንዲህ ያለ መዓት በወረደ ጊዜ በየአልጋው ሐኪም ቢቆም እንኳ አይበቃም፤ ትንኟ ከምትራባት ኩሬ ዘንድ የሚሄድ ሰው ያስፈልጋል።

እናትዮውን ከሁሉ ይልቅ ያስደነቃቸው ግን የዓድዋው ነገር ነው። ዶክተር አክሊሉ ለማ በአሜሪካ በጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርስቲ የዶክትሬት ትምህርታቸውን ፈጽመው፥ በ1964 በዓድዋ አካባቢ ቢልሃርዝያ የተባለውን በሽታ ያጠኑ ነበር። የዚህ በሽታ ትል ዕንቁላል ከታመመው ሰው ዓይነ ምድር ጋራ ወደ ውሃ ይገባል፤ ከዕንቁላሉ የወጣው ረቂቅ ፍጥረት በቀንድ አውጣ ሰውነት ውስጥ ይራባል፤ ከዚያ ወጥቶ በወንዙ ውስጥ የቆመውን ሰው ቆዳ ሰርስሮ ይገባል። እንግዲህ ቀንድ አውጣው ከሌለ የበሽታው ሰንሰለት ይበጠሳል ማለት ነው። ዶክተሩ በወንዙ ዳር ሲዘዋወሩ፥ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ስፍራ በታች የሞቱ ቀንድ አውጣዎች ተንሳፍፈው አዩ፤ ከዚያ በላይ ያሉት ግን ሕያዋን ነበሩ። ከአጣቢዎቹ አንዲቱን ለምነው የእንዶዱን አረፋ ቀንድ አውጣዎቹ በሕይወት ካሉበት ላይ ቢያስፈስሱት፥ ጥቂት ቆይተው እነዚያም ሞቱ።

እዚህ ላይ ስንደርስ እናትዮው «እንዶድማ እኛስ መች አጣነው! እናቴ ጋቢ የምታጥበው በእርሱ ነበር» አሉ። ነገሩም ይኸው ነው። ቅጠሉንና ፍሬውን ሴቶቹ ያውቁታል፤ ቀንድ አውጣው ከበሽታው ጋራ ያለውን ግንኙነት የተማረው ሰው ያውቃል፤ ሁለቱ ዕውቀቶች በአንድ ወንዝ ዳር እስኪገናኙ ድረስ ግን ማንም አልተጠቀመባቸውም። ከ1969 እስከ 1974 ድረስ በዓድዋ በእንዶድ በተደረገው ሙከራ፥ የበሽታው ስፋት ከመቶ 63 ወደ 33 ወረደ፤ በትንንሾቹ ሕፃናት ዘንድ ደግሞ ከመቶ 50 ወደ 7 ዝቅ አለ። ከዚህ በኋላ የመጣው ግን ልብ የሚያሳዝን ነው። በአፍሪካ ምድር የተደረገው ምርመራ አይበቃም፥ በውጭ አገር ቤተ ሙከራ ይደገም እየተባለ ሥራው ለብዙ ዓመታት ተጓተተ። ዶክተር አክሊሉና የሥራ ባልደረባቸው ዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ በ1989 «ራይት ላይቭሊሁድ» የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት እስኪቀበሉ ድረስ፥ ቢልሃርዝያን የሚያድነው ክኒን ቀድሞ ሰፊውን ስፍራ ይዞ ነበር። ክኒኑ መልካም ነው፤ ነገር ግን ድኖ ወደዚያው ወንዝ የተመለሰውን ልጅ በሽታው መልሶ ይይዘዋል።

ሌላም ምሳሌ እንጨምር፤ ይህኛው የቤተሰብን ክብር የሚነካ ነው። በደጋውና በወይና ደጋው፥ ዝናም በሚበዛበት ቀይ አፈር ላይ ባዶ እግሩን የሚውል ገበሬ እግሩ ያብጣል፤ ሕዝቡ «ዝሆኔ» ይለዋል። ከዝሆኔ አንዱ ዓይነት ትልም ትንኝም የማያመጣው ነው፤ ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ የተገኘው አፈር ደቃቅ ብናኝ በቆዳ እየሰረገ ውስጡን ስለሚያቃጥል የሚመጣ ሕመም ነው። ይህንንም ኧርነስት ፕራይስ የተባሉ እንግሊዛዊ ሐኪም በኢትዮጵያ ሳሉ አጥንተው ለዓለም አስታወቁ። ሕመሙ ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። ከአንዳንድ ቤተሰብ መብዛቱም እርግማን ሆኖ አይደለም፤ በተፈጥሮ ለአፈሩ የሚቈጣ ሰውነት ስለሚወርሱና በዚያው አፈር ላይ ባዶ እግራቸውን ስለሚያድጉ ነው። ይህ ሳይታወቅ ስንት ልጃገረድ «ዘሯ ይህ ነው» ተብላ ሳትዳር ቀርታለች! ስንቱስ ከማኅበሩ ጽዋ ተገልሏል! በአገራችን ሕመሙ ያለበት ሰው አንድ ሚሊዮን ተኩል እንደሚደርስ ይገመታል። መከላከያው ከሕፃንነት ጀምሮ ጫማ ማድረግና እግርን በውሃና በሳሙና መታጠብ ነው። የዓለም የጤና ድርጅት ይህን ሕመም ችላ ከተባሉት በሽታዎች መዝገብ ያገባው በ2011 ብቻ ነው። እነሆ አንድ ሰው የአፈርን ጠባይ ስላጠና የአንድ ጎጆ ስም ታደሰ፤ ይህን የመሰለ ሥራ ለመናቅ አፋችን ከቶ እንዴት ይከፈታል?

ለቤተ ክርስቲያን ቅርብ የሆነውንም ሳንነካው አናልፍም። በ2023 በምዕራብ ጎንደር፥ በቋራ ወረዳ፥ በበርሚል ጊዮርጊስ የጠበል ስፍራ ኮሌራ ተነሥቶ ነበር። ይህን ስንጽፍ ጠበሉን የምንነቅፍ የሚመስለው አንባቢ እንዳይኖር እንለምናለን። ብዙ ሕዝብ ለድኅነት በአንድ ስፍራ ሲከማች፥ የሚጠጣው ንጹሕ ውሃና መጸዳጃ ቤት በሕዝቡ ልክ ካልተሰናዳለት፥ በየትኛውም የዓለም ክፍል ቢሆን ኮሌራ መንገድ ያገኛል። ለእንዲህ ያለው ጉባኤ ስንት መጸዳጃ እንደሚያስፈልግ፥ ከምንጩ ምን ያህል እርቆ እንደሚቆፈር፥ የመጀመሪያው ሕመምተኛ በታየ ቀን ምን እንደሚደረግ የሚያውቅ ሰው፥ ከዲያቆናቱና ከአስተናባሪዎቹ ጋራ ቢቆም ለምእመናኑ ታላቅ ረዳት ነው። እኛ ራሳችን በቆሎ ተማሪነታችን ጊዜ ከብት ከሚጠጣበት በታች እየቀዳን ስንጠጣ፥ ሆዳችንን በታመምን ቁጥር ምክንያት የምናደርገው የሰው ዓይንን ነበር።

ትምህርቱ ያረጀ ነገር ብቻ የሚመረምርም አይደለም። በ2014 የታተመ አንድ ጥናት፥ በደብረ ዘይት አካባቢና በኮሎምቢያ ደጋማ አገር የተመዘገበውን የወባ ቁጥር ከዓመቱ ሙቀት ጋራ አስተያይቶ፥ ዓመቱ በሞቀ ጊዜ ወባ ወደ ከፍታው እንደምትወጣ አሳይቷል። የማጀት ጢስም አለ፤ የዓለም የጤና ድርጅት እንደሚለው ከቤት ውስጥ ጢስ የተነሣ በ2020 በዓለም 3.2 ሚሊዮን ሰው ሞቷል።

ችግሩንም ከእናትዮው አልሸሸግንም። ከዚህ ክፍል የተመረቀ ወጣት ሥራ ፈልጎ የሚንከራተትበት ጊዜ አለ፤ ደመወዙም ከሐኪሙ ደመወዝ ጋራ አይወዳደርም። የታመመውን ያዳነ ሰው እጁን ይሳሙታል፤ በሽታ እንዳይመጣ ያደረገውን ግን ያልታመመው ሰው ሊያመሰግነው አይመጣም፥ አያውቀውማ! ከዚህም በቀር በቢሮ ተቀምጦ ስለ ወንዝ ጽሑፍ የሚያዘጋጅ፥ ወደ ወንዙ ግን የማይወርድ ምሩቅ አይተናል፤ ለእንዲህ ያለው ሰው የዓድዋው አረፋ መቼም አይታየውም ነበር። ወደ ውጭ አገር ሄዶ ማስትሬቱን መጨረስ መልካም መሆኑን ለልጁ ራሱ ነግረነዋል፤ ነገር ግን አስቀድሞ አንድ ክረምት ከጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞቹ ጋራ ከቤት ቤት ይዙር ብለን መክረነዋል። እነዚህ ሴቶች ከ2003 ጀምሮ በየቀበሌው የጀመሩት ሥራ፥ ከመጻሕፍቱ ብዙውን ያስረዳዋልና።

እናትዮው የሰሙትን ሁሉ ሰምተው «እስቲ ይሁን» ብቻ ብለው ሄዱ፤ ያን ቀን ልባቸው እንዳልረጋ ፊታቸው ይናገር ነበር። ልጁ ለዕረፍት በመጣ ጊዜ ግን ሰፈሩ ከሚቀዳበት ምንጭ ተነሥቶ ወደ ላይ፥ ከብቱ እስከሚጠጣበት ድረስ፥ በየመካከሉ እየቆመ ውሃ ሲቀዳ መዋሉን ሰማን። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ እናትዮውን በቤተ ክርስቲያኑ ደጅ አገኘናቸውና «ሰው ምን አለ?» ብንላቸው፥ «ሰውማ ይሥቃል፤ እኔን ያናደደኝ ግን ሌላ ነው» አሉ። የዘይት ጠርሙሳቸውን በእንዶድ አጥበው፥ በፀሐይ አድርቀው ሰጥተውት ኖሯል። ልጁ ግን «እማዬ፥ ለዚህ የሚሆነው ከዩኒቨርስቲው ያመጣሁት፥ በእንፋሎት የተቀቀለው ነው» ብሎ መለሰላቸው።