የጥንቸል ዓይን በጎን ነው

ጥንቸል ሳል የተባለ ሰው ሁሉ ከጆሮ ይጀምራል። ሁለት ረጃጅም ጆሮ፣ ክብ ፊት፣ ፊቱ ላይ ጎን ለጎን የተቀመጡ ሁለት ዓይኖች፣ ከሥራቸው ትንሽ አፍንጫና ሁለት ጥርስ። ላጲስ ሳያነሳ ይጨርሰዋል፤ ያየ ሁሉ ጥንቸል መሆኑን ያውቅለታል። ቤት ውስጥ የምትኖረውን፣ ስም የወጣላትን፣ ከእጁ የምትበላውን ያችን ጥንቸል ግን አይመስልም። ጆሮውን ቢያስረዝም ቢያሳጥር ለውጥ የለውም። ጥፋቱ ያለው ዓይኑ ላይ ነው፤ ይህ ጽሑፍም በአብዛኛው ስለ ዓይን ነው።

ጥንቸል የልጆች ሥዕል ናት የሚል አስተያየት ብዙ ጊዜ ሰምቻለሁ። ፈረስ ወይም አንበሳ የሚስል ይከበራል፣ ጥንቸል የሚስል ጊዜ የሚያሳልፍ ይመስላቸዋል። ይህን ለሚሉ ሰዎች የማሳያቸው አንድ ሥዕል አለ። ጀርመናዊው አልብሬክት ዱረር እ.ኤ.አ. በ1502 በውሃ ቀለም የሠራት የሜዳ ጥንቸል ናት። ቁመቱ 25፣ ወርዱ 23 ሳንቲ ሜትር ገደማ በሆነ ወረቀት ላይ ተኮራምታ ተቀምጣለች። ከ500 ዓመት በላይ አልፏት አሁን ቪየና፣ አልበርቲና ሙዚየም ውስጥ ትገኛለች፤ ብርሃን ቀለሟን እንዳይጎዳው ብዙውን ጊዜ ከሕዝብ ዓይን ርቃ ነው የምትቀመጠው። የጸጉሯን አቅጣጫ ተከታትሎ ያየ ሰው ጥንቸል ቀላል ርዕስ ናት ብሎ ሁለተኛ አይናገርም።

አንድ ነገር ልብ በሉ። የዱረሯ የሜዳ ጥንቸል እንጂ የቤት ጥንቸል አይደለችም። ሁለቱ ዘመዳሞች ናቸው፣ አንድ ዓይነት እንስሳ ግን አይደሉም። የሜዳዋ ልጆች ጸጉር ለብሰው፣ ዓይናቸውን ገልጠው ይወለዳሉ፤ የቤቷ ልጆች ግን ራቁታቸውን ናቸው፣ ዓይናቸውም የሚገለጠው ቀናት ቆይቶ ነው። የቤት ጥንቸል የዘር ሐረጓ የሚመዘዘው ከወደ ስፔንና ፖርቱጋል ነው። እኛ አገር ደጋው ላይ፣ ባሌ ተራሮች ላይ ጭምር፣ ከቁጥቋጦ ሥር ብድግ ብለው የሚሮጡት የሜዳዎቹ ወገን ናቸው። ስለዚህ ገጠር ያደገ ሰው በትዝታው ተማምኖ የቤት ጥንቸል ልሣል ቢል እግሯ ይረዝምበታል፣ ወገቧ ይቀጥንበታል፣ ፊቷም ይሾልበታል። የምትስሉት የራሳችሁን ጥንቸል ከሆነ ከትዝታ ፎቶ ይሻላል።

ዕቃውን በተመለከተ ብዙ የምለው የለም፤ ኤች ቢ፣ 2ቢ እና 6ቢ እርሳስ፣ ላጲስ፣ ትንሽ ወፈር ያለ ወረቀት ይበቃል።

ፎቶው ላይ ግን መነጋገር አለብን፤ አብዛኛው ሥዕል የሚበላሸው እርሳስ ሳይነሳ በፊት ነውና። ሜሪላንድ የምትኖር አንዲት የእህቴ ልጅ አለችኝ። ጥንቸሏን ዳቦ ትላታለች፤ ስትኮራመት እውነትም ድፎ ዳቦ ትመስላለች። ከፎቶ እያየች የሳለቻትን በቴሌግራም ላከችልኝና ደወለች።

«አጎቴ፣ አፍንጫዋ ለምንድነው እንዲህ የተለቀው? እኔ እኮ ያየሁትን ነው የሳልኩት!»

«ልክ ነሽ የኔ ልጅ፣ ያየሽውን ነው የሳልሽው። ፎቶውን ስታነሺ ግን በጣም ተጠግተሻታል። በይ ራቅ በይና እንደገና አንሻት።»

ነገሩ የሂሳብ ነው። ስልኩን ከጥንቸሏ አፍንጫ 20 ሳንቲ ሜትር ላይ ብትይዙት፣ የጆሮዋ ሥር ደግሞ ከአፍንጫዋ 10 ሳንቲ ሜትር ወደ ኋላ ቢሆን፣ ጆሮዋ ከካሜራው 30 ሳንቲ ሜትር ይርቃል ማለት ነው። በዚህ ርቀት አፍንጫዋ ከጆሮዋ አንጻር አንድ ጊዜ ተኩል ገዝፎ ይወጣል። አንድ ሜትር ተኩል ርቃችሁ ብታነሱ ግን ልዩነቱ ከመቶ ሰባት እንኳ አይሞላም። ዳሌዋ ከጆሮዋም የበለጠ ስለሚርቅ በቅርብ ፎቶ ላይ ጨርሶ ይኮሰምናል። ከዚያ ሰው ፎቶውን አምኖ ይስልና «እጄ አልታዘዝ አለኝ» ብሎ ያዝናል። እጁ ታዞታል! ራቅ በሉ፣ መጠኑን በዙም አምጡት፣ ስልኩንም ከዓይኗ ቁመት ጋር አስተካክሉ። ይህ ማለት ወለል ላይ መተኛት ነው። ቆሞ ቁልቁል የተነሳ የጥንቸል ፎቶ የሚያሳየው ጀርባና ጆሮ ብቻ ነው።

ፖርትሬት የሚባለውን የስልክ አማራጭም አጥፉት። ስልኩ የፊቱንና የኋላውን ለመለየት ሲሞክር ጺሟን ከኋላው ጋር ቆጥሮ ያደበዝዘዋል፤ የጆሮዋን ዳር ጸጉርም በመቀስ የተቆረጠ ያህል ያስተካክለዋል። ፎቶው ሲታይ ያምራል፣ ሣዩን ግን ያሳስተዋል። ፍላሽም አያስፈልግም። እንስሳዋን ያስደነግጣታል፣ ዓይኗንም ቀይ ያደርገዋል፤ ያ ቀይ ደግሞ የዓይኗ ቀለም አይደለም። በአንድ በኩል መስኮት ካለ በቂ ነው።

ለፎቶ ብለው ጥንቸል በጆሮዋ አንጠልጥለው የሚይዙ ሰዎች አይቻለሁ። ይህ ጭካኔ ነው። ጆሮዋ በደም ሥር የተሞላ፣ ሙቀቷን የምትቆጣጠርበት አካል ነው፤ መያዣ እጀታ አይደለም። ስትፈራገጥ ደግሞ የኋላ እግሯ ጉልበት የራሷን አከርካሪ ሊሰብረው ይችላል። በጀርባዋ አስተኝተው «እዩዋት፣ ደስ ብሏት ተዘረረች» የሚሉትም ልብ ይበሉ፤ ያ ዝምታ የፍርሃት ነው፣ በአውሬ እጅ የገባ እንስሳ ዝምታ። ከዚያ ዓይነት ፎቶ የሚወጣው ሥዕል የድንጋጤ ሥዕል ነው። ተዉአት፣ ስትበላ ወይም ስታርፍ አንሷት።

አሁን ወደ ዓይኑ። የሰው ዓይን ወደ ፊት ያያል፣ የድመትም እንዲሁ። ጥንቸል ግን የምትታደን እንስሳ ናት፤ ሕይወቷ የተመሠረተው ከኋላና ከሰማይ የሚመጣባትን ቀድሞ በማየት ላይ ነው። ስለዚህ ዓይኖቿ በጭንቅላቷ ግራና ቀኝ፣ ከፍ ብለው፣ ወደ ውጭ አበጥ ብለው ተቀምጠዋል። ራሷን ሳታዞር ዙሪያዋን ከሞላ ጎደል ታያለች። የማታየው ቦታ አለ ቢባል አፍንጫዋ ፊት ለፊት፣ አፏ ሥር ያለውን ነው፤ እዚያ ያለውን ጎመን የምታገኘው በማሽተት፣ በከንፈሯና በጺሟ ነው።

ከዚህ የሚከተለው ነገር ለሣይ ትልቅ ነው። ጥንቸል በትኩረት ስታያችሁ ፊቷን አታዞርላችሁም፤ ጎኗን ነው የምትሰጣችሁ። ብዙ ባለቤቶች «ወደ እኔ አላይ አለች» እያሉ ፊት ለፊት እስክትዞር ይጠብቃሉ፤ እሷ ግን በአንድ ዓይኗ አፍጥጣ እያየቻቸው ነው። ፊት ለፊት የተነሳ ፎቶ ላይ ዓይኖቿን ብትፈልጉ በፊቷ ዳርና ዳር የምታገኙት የሁለት ጉብታ ጠርዝ ነው። ያንን ጠርዝ አእምሯችን አይቀበለውም። ዓይን ማለት ክብ ነገር ነው ብሎ ስላመነ፣ እጃችን ሁለቱንም ጉብታ ጎትቶ ወደ አፍንጫው ያመጣና ክብ ያደርጋቸዋል። ወረቀቱ ላይ ያለችው ከዚያች ቅጽበት ጀምሮ ጆሮ የተቀጠለላት ድመት ናት።

እኛ ዘንድ ይህ ልማድ የበለጠ ሥር የሰደደ ይመስለኛል። በቤተ ክርስቲያናችን ሥዕል ጻድቃንና መላእክት በሁለት ዓይን ይሳላሉ፤ አንድ ዓይን ብቻ እየታየ በጎን የሚሳለው ክፉው ነው፣ ሰይጣኑና የእሱ ወገን። ሥርዓቱ ራሱን የቻለ ውበትና ትርጉም አለው፤ እኔም ያደግሁት ግድግዳው ላይ ያሉትን ትልልቅ ዓይኖች እያየሁ ነው። ግን የምንወደውን ፍጡር በአንድ ዓይን ስንስል እጃችን የሚያመነታው ከዚያ ይመስለኛል። የቤት ጥንቸሉን በጎን እንዲስል የነገርኩት ጎረቤቴ የሆነ ልጅ «አንዱ ዓይኗ የት ሄደ ይሉኛል» ብሎ አልስማማ ብሎኝ ነበር። የትም አልሄደም፤ በሌላው በኩል ሆኖ በሩን እየጠበቀ ነው።

ስለዚህ ምክሬ ይኸው ነው። ለመጀመሪያ ሥዕል የጎን ፎቶ ምረጡ፣ ወይም በትንሹ ወደ እናንተ የዞረችበትን። ከአፍንጫዋ ጫፍ እስከ ጆሮዋ ሥር ያለውን ርቀት በእርሳሳችሁ ለኩ፤ ዓይኗ ከመካከሉ ወደ ጆሮው ሲያደላ ታገኙታላችሁ፤ ፊተ አጭር በሆኑት ድንክ ዝርያዎች ግን ሁሉም ይቀራረባል። ከዚያ የዓይኑን ቅርጽ ተመልከቱ። ሙሉ ክብ አይደለም፤ ወደ አፍንጫው ባለው ጥግ ትንሽ ይሾላል። ላይኛው ቆብ ጥላ ይጥልበታል፣ ስለዚህ ዓይኑ ከታች ይልቅ ከላይ ይጠቁራል። ብሌኑና ዙሪያው ያለው ቡናማ ቀለም በደብዛዛ ብርሃን አንድ ላይ ጥቁር ሆነው ይታያሉ፤ በመስኮት ብርሃን ግን ቡናማው ብቅ ይላል። ሙሉ በሙሉ ነጭ ሆነው ዓይናቸው ቀይ በሆነ ጥንቸሎች ላይ የሚታየው ቀለም ሳይሆን የደም ሥር ነው።

ብርሃኑ ደግሞ የመጨረሻውን ሕይወት ይሰጠዋል። ሰው ሁሉ ዓይን ውስጥ ነጭ ነጥብ ያስቀምጣል፣ ብዙ ጊዜም መሐል ላይ። የዱረርን ጥንቸል ዓይን በጥሩ ኅትመት ቀርባችሁ እዩ፤ የመስኮት ምስል አለበት፣ ፍሬሙ ሳይቀር። ያ ነጸብራቅ ጥንቸሏ ያለችበትን ክፍል ሁሉ ይነግራችኋል፤ መስኮቱ በየት በኩል እንደሆነ፣ ብርሃኑ ከየት እንደሚመጣ፣ የጀርባዋ ጥላ ለምን በዚያ በኩል እንደወደቀ። ፎቶው ላይ ዓይኑን አጉልታችሁ ነጸብራቁ በትክክል የት እንዳረፈ እዩ፤ ያንን ቦታ ወረቀቱን ሳትነኩ ተዉት። አስቀድማችሁ ካጠቆራችሁት ላጲስ ያንን ንጣት አይመልሰውም።

ጥንቸሏ አጠገባችሁ ካለች ሌላም ነገር አድርጉ። ከአፍንጫዋ ተነስታችሁ ግንባሯን በጣታችሁ ቀስ ብላችሁ አሻሹ፤ እሷም ትወደዋለች። ከዓይኗ በላይ የአጥንት ቅስት ትዳስሳላችሁ። ፎቶው በጸጉር የሸፈነው ያ ቅስት ነው ዓይኗን የተሸከመው። ቢያትሪክስ ፖተር የተባለችው እንግሊዛዊት የጥንቸል ዓይን የት እንዳለ ታውቅ ነበር። ቤንጃሚንና ፒተር የሚባሉ ጥንቸሎች ቤቷ አሳድጋ፣ ስለ ፒተር ለአንድ የታመመ ልጅ እ.ኤ.አ. በ1893 በደብዳቤ ሥዕል እየሣለች ጻፈች፤ በ1902 ያ ታሪክ በዓለም የታወቀ የልጆች መጽሐፍ ሆኖ ወጣ። የእሷ ጥንቸል ሰማያዊ ኮት ለብሶ በሁለት እግሩ ቆሞ እንኳ ዓይኑ በጎን ነው። ከዚያ በኋላ የመጡት የካርቱን ጥንቸሎች ናቸው ዓይኑን ወደ ፊት ያመጡብን።

የቀረው የሰውነቷ ክፍል ዓይኑ በቦታው ከገባ ብዙ አያስቸግርም። ከጎኗ እንደ ጉብታ የሚታየው ሆዷ እንዳይመስላችሁ፤ ጭኗ ነው፣ ጉልበቷም እዚያው ከጎኗ ጋር ተጣጥፎ አለ። ስትቀመጥ የኋላ እግሯ እስከ ተረከዙ መሬት ላይ ይተኛል። የፊት እግሯ አምስት፣ የኋላው አራት ጣት አለው፤ ውስጥ እግሯ እንደ ውሻ መዳፍ አይደለም፣ በጸጉር የተሸፈነ ነው። ልኬቱ የሚያስቸግራችሁ ከሆነ ፎቶውንም ወረቀቱንም በእኩል አራት ማዕዘኖች ከፋፍሉና ከአንዱ ወደ አንዱ አሻግሩ። ይህን ማጭበርበር ነው የሚሉ አሉ፤ ዱረር ራሱ እ.ኤ.አ. በ1525 ባሳተመው የልኬት መጽሐፍ ለሠዓሊ የሚሆኑ መለኪያ መሣሪያዎችን አሳይቷልና አትስሟቸው። ፎቶውን ገልብጦ መሳልም ይረዳል፤ የተገለበጠ ዓይንን አእምሮ ቶሎ ዓይን ስለማይለው እጅ ያየውን ብቻ ይከተላል።

ጸጉሩን አንድ በአንድ ለመሳል አትቸኩሉ። መጀመሪያ ትልቁን ጥላና ትልቁን ብርሃን ለዩ። ዘለላው የሚሳለው ጥላና ብርሃን በሚገናኙበት ጠርዝ ላይ ብቻ ነው፣ እሱም ጸጉሩ ባደገበት አቅጣጫ፤ አፍንጫዋ ላይ አጭር፣ ጎኗ ላይ ረዘም ያለ። ነጭ ጥንቸል ከሆነች ወረቀቱ ራሱ ጸጉሯ ነው፤ እርሳሱ የሚሠራው ከኋላዋ ያለውን ማጨለም ነው። ጺሟ የመጨረሻው ሥራ ነው። እርሳሱን በደንብ ቅረጹ፣ ከሥሩ ጀምራችሁ ወደ ውጭ በአንድ ጊዜ ሳቡት፣ ጫፉ ላይ ስትደርሱ እጃችሁን አንሱ። ከዓይኗ በላይም ጥቂት ረጃጅም ጺሞች አሉ፤ ፎቶው ላይ ፈልጓቸው።