የብድር ጣሪያውና የጥሊሊ የቀን ሠራተኛ

ብሔራዊ ባንክ በነሐሴ 2015 ዓ.ም. የባንኮች ዓመታዊ የብድር ዕድገት ከ14 በመቶ እንዳያልፍ የወሰነው የዋጋ ንረቱን ለማብረድ ነበር። ዓላማው ትክክል ነው። ዕለት ሠርቶ ዕለት የሚበላ ሰው እህል ሲወደድ ጭማሪ የሚጠይቅበት ቢሮ የለውም። ንረቱም ከ30 በመቶ አካባቢ ተነሥቶ በ2017 መጨረሻ ወደ 14 በመቶ ገደማ ወርዷል።

ቅሬታዬ በመሣሪያው ላይ ነው። ጣሪያ ማለት ኮታ ነው። ኮታ ሲጠብ ባንክ የሚያስቀድመው መያዣው የከበደውን የቆየ ደንበኛ ነው።

ጥሊሊ ከቡሬ ወደ እንጅባራ በሚወስደው አስፋልት ላይ ያለች፣ በአማራ ክልል አዊ ዞን የጓጉሳ ሽኩዳድ ወረዳ ከተማ ናት። እንዲህ ባለ ከተማ የቀን ሥራ የሚገኘው ድንችና ገብስ ከሚሰበስበው፣ ባሕር ዛፍ ከሚያስጭነው፣ ቤት ከሚያሠራው ሰው ነው። ይህ ሰው የሥራ ማስኬጃ ብድር ሲከለከል የሚገዛው ይቀንሳል፤ ጫኝና አውራጁም ጦሙን ይውላል። አማራ ብድርና ቁጠባ፣ ብዙ ሰው አብቁተ የሚለው፣ በ2014 ፀደይ ባንክ ሆኗል፤ ባንክ ሲሆን ደግሞ የባንክ ጣሪያ ያገኘዋል።

ጉዳቱ በሥራ አጥነት ቁጥር አይታይም። ሥራ ያጣው ወጣት ወደ አባቱ ማሳ ይመለሳል፤ በሳምንት ጥቂት ሰዓት ከሠራም ሥራ እንዳለው ይቆጠራል። ንድፈ ሐሳቡም ይህን አያይም፤ በዋጋ ንረትና በሥራ አጥነት መካከል ያለውን ዝምድና የሚያሳየው የፊሊፕስ ኩርባ በ1958 እ.ኤ.አ. የተቀዳው ከብሪታንያ የደመወዝ መዝገብ ነው። የአዊ ገበሬ በዚያ መዝገብ ውስጥ የለም።

ችግሩን ሁሉ ለጣሪያው መስጠት ግን እውነቱን ማዛባት ነው። ጣሪያው በተጣለበት ክረምት፣ ሐምሌ 28 ቀን 2015፣ በአማራ ክልል ግጭት ሳቢያ የአስቸኳይ ጊዜ ዐዋጅ ታውጇል። መንገድ ሲዘጋ ብድር ያገኘውም ነጋዴ አያስጭንም። ክልሉ ላይ ጣሪያውና ግጭቱ በአንድ ወቅት መውደቃቸው ነው የሚያሳዝነኝ፤ ጣሪያው ለአዲስ አበባም ለጥሊሊም አንድ ነበርና።

ብሔራዊ ባንክ በሐምሌ 2016 የ15 በመቶ የፖሊሲ ወለድ አስተዋውቋል፤ ጣሪያውንም ወደ 18፣ ቀጥሎም ወደ 24 በመቶ ከፍ አድርጎታል። ወደ ወለድ መሄዱ የተሻለው መንገድ ነው። ኮታው እስካለ ድረስ ግን ለትንንሽ ከተሞች ነጋዴዎች የሚሰጠው የሥራ ማስኬጃ ብድር ከጣሪያው ውጭ ይሁን፤ ብሔራዊ ባንክም ብድሩ በየዞኑ ምን ያህል እንደሚደርስ ለሕዝብ ያሳውቅ።