የእትብት ደም ሕዋሳት ልምድ አልባነት ለጨቅላ ሕፃናት ሥጋት፣ ለሕሙማን ተስፋ

ሕፃን ሲወለድ አብዛኛውን ጊዜ ከእንግዴ ልጁ ጋር የሚወገደው የእትብት ደም፣ በአዋቂ ሰው ደም ውስጥ ከሚገኙት በእጅጉ የተለዩ የበሽታ መከላከያ ሕዋሳትን ይዟል። ልዩነቱ በአንድ በኩል ጨቅላ ሕፃናት ለምን በቀላሉ በኢንፌክሽን እንደሚጠቁ፣ በሌላ በኩል ደግሞ የእትብት ደም ለደም ካንሰር ሕሙማን ሕክምና እንዴት ሊውል እንደቻለ ያስረዳል።

በአዋቂ ሰው ደም ውስጥ ከሚገኙትና ቲ ሴል ከሚባሉት ነጭ የደም ሕዋሳት ከፍተኛ ድርሻ ያላቸው ቀደም ሲል የገጠማቸውን ተሕዋስ የሚያስታውሱ ናቸው። በመሆኑም ያው ተሕዋስ ዳግም ወደ ሰውነት ሲገባ ፈጥነው ይከላከላሉ።

በእትብት ደም ውስጥ የሚገኙት ቲ ሴሎች ግን አብዛኞቹ ከተሕዋስያን ጋር ገና ያልተፋለሙ ናቸው። ፅንሱ በማሕፀን ውስጥ የእናቱን ሕዋሳት እንደ ባዕድ ቆጥሮ እንዳይዋጋ የመከላከል ሥርዓቱ ወደ መቻቻል ያዘነብላል። ተፈጥሯዊ ገዳይ የሚባሉት ሕዋሳትም በእትብት ደም ውስጥ በብዛት ቢገኙም፣ ካልተነቃቁ በስተቀር የመግደል አቅማቸው ከአዋቂዎቹ ያነሰ ነው።

ይህ ልምድ አልባነት በንቅለ ተከላ ሕክምና ጠቀሜታ አለው። የለጋሽ ሕዋሳት የበሽተኛውን አካል እንደ ባዕድ ቆጥረው የማጥቃታቸው አደጋ በእትብት ደም አነስተኛ በመሆኑ፣ የለጋሽና የተቀባይ የሕዋስ ዓይነት ሙሉ በሙሉ ባይመሳሰልም ሕክምናውን መስጠት ይቻላል። የመጀመሪያው የእትብት ደም ንቅለ ተከላ እ.ኤ.አ በ1988 በፓሪስ ሴንት ሉዊ ሆስፒታል በፕሮፌሰር ኤሊያን ግሉክማን መሪነት የተከናወነ ሲሆን፣ ፋንኮኒ አኒሚያ የተባለ በዘር የሚተላለፍ በሽታ የነበረበት የ5 ዓመት ሕፃን የእህቱን የእትብት ደም ተቀብሎ ድኗል።

ሕክምናው ውስንነቶችም አሉት። ከአንድ እትብት የሚገኘው ደም 100 ሚሊ ሊትር ገደማ ብቻ በመሆኑ ለአዋቂ በሽተኛ ላይበቃ ይችላል። አዲሶቹ ሕዋሳት ሥራ የሚጀምሩትም ከአጥንት መቅኔ ንቅለ ተከላ ይልቅ በዝግታ ስለሆነ በሽተኛው ለረዘመ ጊዜ ለኢንፌክሽን ይጋለጣል።

ጨቅላ ሕፃንም የሚወለደው በእነዚሁ ልምድ አልባ ሕዋሳት ነው። ክፍተቱን ለጊዜው የሚሸፍኑለት በእንግዴ ልጅ በኩል ከእናቱ የተላለፉለት ፀረ እንግዳ አካላትና የእናት ጡት ወተት ናቸው። ይሁን እንጂ ከእናት የተገኙት ፀረ እንግዳ አካላት በወራት ውስጥ እየቀነሱ ይሄዳሉ።

በኢትዮጵያ የሚሠራበት የክትባት መርሐ ግብርም ከዚሁ ተፈጥሯዊ ሂደት ጋር የተጣጣመ ነው። የሳንባ ነቀርሳ መከላከያው ቢሲጂ እንደተወለዱ ይሰጣል። ከ6ኛው ሳምንት ጀምሮ የሚሰጡ ሌሎች ክትባቶች በአራት ሳምንት ልዩነት የሚደጋገሙት፣ ያልበሰለው የመከላከል ሥርዓት በአንድ ጊዜ ክትባት በቂ ትውስታ ስለማይዝ ነው። የመጀመሪያው የኩፍኝ ክትባት እስከ 9ኛ ወር የሚዘገየው ደግሞ ከእናት የተገኙት ፀረ እንግዳ አካላት የክትባቱን ውጤት እንዳያዳክሙ ነው። በመሆኑም ክትባቱን ጀምሮ ማቋረጥ ሕፃኑን ከእናቱ ያገኘው ጥበቃ በተሟጠጠበት፣ የራሱ ደግሞ ባልዳበረበት ወቅት ለበሽታ ያጋልጠዋል።