የማጥመጃ ዘንግ ለሚገዙ ጀማሪዎች

በዓሣ ሀብት ሙያ ላይ በመሆኔ፣ ጣና ዳር በሰው ሠራሽ ማባበያ ማጥመድ የጀመሩ ወዳጆች «ወፍራም ዘንግና ወፍራም ክር አይሻልም ወይ?» እያሉ ደጋግመው ስለሚጠይቁኝ፣ ግምቱ ስሕተት መሆኑን በትሕትና ላስረዳ ወደድሁ።

ደንዳና ዘንግ ቀላሏን ማባበያ ሲወረውር ስለማይለመጥ፣ ማባበያዋ ከእግራችሁ ሥር ትወድቃለች፤ ወፍራም ክርም ውርወራን ያሳጥራል። ስለዚህ ጀማሪ፣ ርዝመቱ 2.1 ሜትር ገደማ የሆነና በላዩ ከ10 እስከ 30 ግራም የሚል የተጻፈበት ዘንግ፣ 0.28 ሚሊሜትር የናይለን ክር፣ 15 ግራም የምትመዝንም የማንኪያ ቅርጽ ያላት ማባበያ ቢይዝ ይበቃዋል።

ቆሮሶን (ቴላፒያን) ግን በዚህች ማባበያ አትጠብቁት፤ ዋነኛ ምግቡ ረቂቅ አልጌ ነውና የምታብረቀርቅ ብረት እምብዛም አታጓጓውም፤ የሚያሳድዳት ከነጭ ዓሣ ወገን ዓሣ በል የሆነው ነው።

የክር መጠቅለያውን ስለ ማላላት የምትጠይቁ ካላችሁ፣ ከዚህ በታች ጻፉልኝ።